መስመሩ ሲቋረጥ ማን ያስታውሳል? የዴስክቶፕና የዌብ ፕሮግራሞች አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ለሚገኝ መድኃኒት ቤት የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ከእኔ በፊት ይሠሩበት የነበረው በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ አሮጌ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ አዲስ አበባ ስለሚኖሩ የዕለቱን ሽያጭ ከቤታቸው ሆነው ማየት ፈለጉ። እኔም የድሮውን መስኮት መልክ ሳልቀይር፣ ቁልፎቹንም በየቦታቸው ትቼ፣ ሁሉንም ወደ ዌብ አዛወርኩት። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ መደርደሪያው ላይ ሃያ ፓኮ አሞክሳሲሊን አለ፤ ኮምፒውተሩ አሥራ ሰባት ይላል።»

«ምናልባት የቆጠራ ስህተት ይሆን፣ እትዬ?»

«ሁለት ጊዜ አስቆጥሬያለሁ። ሌባ ቢኖር የሚጎድለው ከመደርደሪያው ነበር፤ የጎደለው ግን ከኮምፒውተሩ ነው። እንግዲህ ሌባው ያንተ ዕቃ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ሻጩ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ኔትወርኩ ዘገምተኛ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሻጩ ይጨንቀውና ቁልፉን ይደግመዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ሰርቨሩ (መዝገቡን የሚይዘው ሩቅ ያለ ኮምፒውተር) ዘንድ ደርሶ ተመዝግቦ ነበር፤ መንገድ ላይ የቀረው መልሱ ነው። ሁለተኛውም ደረሰና ተመዘገበ። አንድ ፓኮ ተሸጦ ሁለት ተቀነሰ። ሻጩ ቁልፍ ደግሞ የመጫን ልማዱን ከድሮው ፕሮግራም ጋር ለዓመታት ኖሮበታል፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። እዚያ ቁልፉ ሲነካ ሥራው በዚያው ማሽን ላይ፣ ዓይን ሳይርገበገብ ያልቅና መስኮቱ ይዘጋል። ልድገም ቢል እንኳን የሚጫነው ቁልፍ የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። መስኮቱን ስገለብጥ ከመስኮቱ ሥር የተኛውን ግምት አብሬ ገልብጫለሁ፤ ቁልፍ የሚጫነው እጅና መዝገብ የሚጽፈው እጅ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው የሚለውን ግምት።

ስለ ዌብና ስለ ዴስክቶፕ ንድፍ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በሌላ ነገር ላይ ነው፤ የትኛው ቋንቋ ይሻላል፣ የትኛው ዘመናዊ ነው፣ የትኛውን ያወቀ ቶሎ ሥራ ያገኛል። እኔ ከዚያ ስልክ ወዲህ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው ነገር የት ነው የሚያድረው? በተጠቃሚውና በዚያ ትውስታ መካከል ያለው መስመር ሲቋረጥስ ማን ምን ያውቃል? የተቀረው የንድፍ ልዩነት፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ስም፣ ሁለት ነገር

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኤም ቪ ሲ የተባለው አወቃቀር ነው። የፕሮግራም ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ሦስቱን ስሞች ያውቃቸዋል። ሞዴል መረጃውንና ሕጎቹን ይይዛል፣ ቪው ለዓይን የሚታየውን ያቀርባል፣ ኮንትሮለር ከተጠቃሚው የሚመጣውን ትእዛዝ ይቀበላል። በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠየቃል፤ ተጠያቂውም እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ይሁን እንጂ አንድ የዴስክቶፕ ባለሙያና አንድ የዌብ ባለሙያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ኤም ቪ ሲ ቢጨዋወቱ፣ የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆኑን ሳያውቁ ተስማምተው ሊለያዩ ይችላሉ።

ሐሳቡን ያፈለቀው ኖርዌያዊው ትሪግቨ ሬንስካውግ ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል፣ ስሞልቶክ በተባለው ቋንቋ ዙሪያ ሲሠራ የጻፈው ነው። መነሻው ቀላል ነበር። ሰው አንድን መረጃ በብዙ ዓይን ማየት ይፈልጋል፤ በአንዱ መስኮት በሠንጠረዥ፣ በሌላው በሥዕል። በሠንጠረዡ ላይ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ሥዕሉ ወዲያው መከተል አለበት። መፍትሔው ሞዴሉ ለተመልካቾቹ እንዲጣራ ማድረግ ሆነ። ሞዴሉ ማን እንደሚያየው ዝርዝሩን ማወቅ አያስፈልገውም፤ «ተለውጫለሁ» ብሎ ይጣራል፣ የሰማ ቪው መጥቶ አዲሱን ይወስዳል። ኮንትሮለር ደግሞ የማውዝና የኪቦርድ ጉዳይ ነበር፤ እያንዳንዷ የስክሪን ቁራጭ የራሷ ኮንትሮለር ነበራት።

ይህ የሚሠራው ሦስቱም በአንድ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሆነው፣ ጠዋት ፕሮግራሙ ከተከፈተበት ማታ እስከሚዘጋበት ድረስ በሕይወት ሲቆዩ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር ላይ እንደሚጣራው ነው። አጥሩ አንድ ስለሆነ ድምፅ ይደርሳል፤ ቡና ሲፈላ ማንም ደብዳቤ አይጽፍም።

ዌብ ግን ጎረቤታሞቹን በሁለት ከተማ አሰፈራቸው። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ፣ በሰርን የምርምር ማዕከል ሳለ የነደፈው ኤችቲቲፒ የተባለው የመነጋገሪያ ደንብ በባሕርይው የሚረሳ ነው። ብራውዘሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ይረሳል። ቀጣዩ ጥያቄ ከዚያው ሰው ይምጣ ከሌላ፣ ደንቡ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰነድ ለማንበብ ይህ ትልቅ ብልኃት ነበር። የማያስታውስ ሰርቨር በሺህ የሚቆጠር ሰው ቢመጣበት በየሰዉ የሚይዘው ሸክም የለም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያለ ርክክብ ይተካዋል። ዕቃ መርጦ ለመግዛት ሲሆን ግን መርሳት አላዋጣም። ስለዚህ በ1994 ብራውዘር ሠሪ የሆነው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪ የተባለውን ትንሽ ምልክት ፈጠረ። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ሲያስረክቡ ቁጥር እንደሚሰጥዎት ሁሉ፣ ብራውዘሩም ቁጥሩን ይዞ በመጣ ቁጥር ያሳያል፤ ሰርቨሩም በቁጥሩ ቦርሳውን ፈልጎ ያወጣል።

እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ሞዴሉ «ተለውጫለሁ» ብሎ ቢጮህ የሚሰማው የለም። ገጹ ወደ ብራውዘሩ ከተላከ በኋላ ሰርቨሩ ላይ የነበረው ቪው አብቅቶለታል። የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፎች የሆኑት ስትረትስ በ2000፣ ሬይልስ በ2004 ኤም ቪ ሲን ሲያነሡ ቃሉን ወርሰው ትርጉሙን ቀይረዋል። ኮንትሮለር ማለት የመጣውን አድራሻ አንብቦ ጉዳዩን ወደሚመለከተው ክፍል የሚመራ እንግዳ ተቀባይ ሆነ፤ ቪው ማለት ደግሞ መረጃ ፈስሶበት ኤችቲኤምኤል (ብራውዘር የሚያነበው የገጽ ጽሑፍ) የሚወጣበት ቅጽ። ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም ይወለዳሉ፣ መልስ ሲወጣ ሁሉም ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። በ2005 ይፋ የሆነው ጃንጎ ከሌሎቹ ይልቅ ስሙን ከነገሩ ጋር ለማስማማት ሞክሯል። ሌሎች ኮንትሮለር የሚሉትን ቪው፣ ቪው የሚሉትን ቴምፕሌት አለው። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን ጀማሪን ሁሉ ግራ ሲያጋባ ይኖራል።

ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሄድ ባለሙያ ልማዱን ይዞ ይሄዳል። ከዴስክቶፕ ወደ ዌብ የመጣው «አሁን የፈጠርኩት ነገር የት ሄደ?» እያለ ይባዝናል። ከዌብ ወደ ዴስክቶፕ የሄደው ደግሞ አንድ ዓይነተኛ ጥፋት ይሠራል፤ ረጅሙን ሥራ መስኮቱን በሚሥለው ክር (ትሬድ፣ ሥራዎች ተራ በተራ የሚከናወኑበት) ላይ ይጭነዋል። በሰርቨር ላይ አንድ ጥያቄ አሥር ሴኮንድ ቢፈጅ ሌሎቹ በሌላ ሠራተኛ ይስተናገዳሉ። በዴስክቶፕ ግን የቁልፍ መጫኑም፣ የማውዙ እንቅስቃሴም፣ የስክሪኑ ሥዕልም በአንድ ወረፋ፣ በአንድ አስተናጋጅ ነው የሚያልፉት። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ወደ 16 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። የወር ሪፖርት በዚያ ወረፋ መካከል ሲገባ መስኮቱ ይነጣል፤ ዊንዶውስም ፕሮግራሙ ምላሽ እየሰጠ አይደለም ብሎ ያውጃል። ሰውየው ይዘጋዋል። ሪፖርቱም ከነሥራው ይጠፋል።

ማስመሰል የሚያስከፍለው

ሁለቱን ቤቶች አንድ አስመስሎ ለማቅረብ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ትምህርት የሚገኝበት ማይክሮሶፍት በ2002 ያወጣው ዌብ ፎርምስ ነው። ከ1991 ጀምሮ ቪዥዋል ቤዚክ የተባለው የኩባንያው የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ አንድ ትውልድ ሙሉ በቀላል ዘዴ አሠልጥኖ ነበር። ቁልፍ ጎትተህ መስኮቱ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ሁለቴ ነካ ታደርገዋለህ፣ ሲጫኑት የሚሆነውን ትጽፋለህ። ዌብ ፎርምስ ይህንኑ ለዌብ ቃል ገባ። ቁልፉ ያለው የተጠቃሚው ብራውዘር ላይ፣ ኮዱ የሚሠራው ሩቅ ሰርቨር ላይ ቢሆንም፣ ለጸሐፊው ሁለቱ አንድ ቦታ መሰሉት።

እንዴት ተቻለ? ቪውስቴት በሚባል ስውር ሳጥን። ሰርቨሩ የሚረሳ ስለሆነ የገጹን ሁኔታ አሽጎ በገጹ ውስጥ ደብቆ ይልከዋል፤ ተጠቃሚው አንዲት ቁልፍ በነካ ቁጥር ያ እሽግ ሙሉውን ይመለሳል፣ ይፈታል፣ ይታሸጋል፣ እንደገና ይላካል። ትልቅ ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ብዙ ኪሎባይት ተሸክሞ ይመላለስ ነበር። ገበያ ወጥታ ያልተሸጠላትን እህል በየሳምንቱ ተሸክማ የምትመለስ አህያ አስቡ። በቢሮ ውስጥ ፈጣን ኔትወርክ ላይ ማንም አያስተውለውም፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ግን ሸክሙ ይሰማል።

በዌብ ፎርምስ ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከሳቂዎቹ ወገን አይደለሁም። ብዙ መሥሪያ ቤት በአጭር ጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም ያገኘው በእሱ ነው። ጉድለቱ ርቀቱን ከሠራተኛው ዓይን መሰወሩ ነበር፤ የተሰወረ ርቀት ደግሞ አይቀንስም። ማይክሮሶፍት በ2016 ዶት ኔት ኮር የተባለውን አዲስ መሠረት ሲያወጣ ዌብ ፎርምስን ይዞት አልመጣም።

የሚገርመው ርቀቱ ከዚያ በኋላ በሌላ በኩል መጥበቡ ነው። ማይክሮሶፍት በ1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ያወጣው አንድ ትንሽ መሣሪያ፣ ገጹ ሳይጠፋ ከበስተጀርባ ሰርቨሩን መጠየቅ አስቻለ። የተሠራው ለአውትሉክ የዌብ ቅጂ ነበር። በ2004 ጂሜይል፣ በ2005 የጉግል ካርታ ሲመጡ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ዓለም አየ። ፕሮግራሙ ብራውዘር ውስጥ ለሰዓታት መኖር ጀመረ። የ1979ኙ ዴስክቶፕ በዌብ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ የ1979ኙ ራስ ምታትም አብሮት።

ፌስቡክ ውስጥ የሆነውን ብዙ ባለሙያ ያስታውሰዋል። ያልተነበበ መልእክት መኖሩን የሚያሳየው ቁጥር «አንድ» ይላል፤ ሰው ይከፍተዋል፤ ምንም የለም። ያርሙታል፣ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። መንስኤው አንዱ ሞዴል ሌላውን ቪው፣ ያ ቪው ሌላ ሞዴልን እየቀሰቀሰ፣ ጥሪው በየአቅጣጫው መራባቱ ነበር። በአጥር ላይ መጣራት ሁለት ጎረቤት ሲሆኑ ደስ ይላል፤ መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጣራ ግን ማን ለማን ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኩባንያው በ2013 ለሕዝብ የከፈተው ሪአክት የተባለ የመስኮት መሥሪያና በ2014 ያስተዋወቀው ፍለክስ የተባለ አወቃቀር የሰጡት መልስ፣ ለውጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፍሰስ የሚል ነው። ሁኔታው ሲለወጥ መስኮቱ ከሥር መሠረቱ እንደ አዲስ የሚጻፍ ያህል ይታሰባል፤ ከዚያ አሮጌውና አዲሱ ተነጻጽረው የተለየው ብቻ ይታረማል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማደንቀው ነገር አለ። «በየጊዜው ሁሉንም ከመጀመሪያው ጻፈው» የሚለው የድሮው የሚረሳ ሰርቨር ልማድ ነው። ሪአክት ያንን ልማድ ወስዶ ለረጅም ጊዜ በሕይወት ለሚቆይ መስኮት ሰጠው፤ ጊዜውን በማነጻጸር ቆጠበ። ሐሳቡ ከዌብም ወጣ፤ አፕል በ2019 ስዊፍትዩአይን፣ ጉግል በ2021 ለአንድሮይድ ኮምፖዝን ሲያወጡ በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። ስለዚህ ከአንዱ ቤት ለሌላው መዋስ ሁልጊዜ ያከስራል ማለቴ አይደለም። ዌብ ፎርምስ የተዋሰው መልኩን ነበር፤ ሪአክት የተዋሰው ሥርዓቱን ነው።

ኤሌክትሮን የዚህ ታሪክ ሌላ ጫፍ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ጊትሃብ በ2013 ለጽሑፍ አርታኢው የጀመረውና በ2015 ኤሌክትሮን ተብሎ የተሰየመው ይህ መሣሪያ በዌብ ቴክኒክ የተሠራ ገጽ እንደ ዴስክቶፕ ፕሮግራም እንዲጫን ያደርጋል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድና ስላክ በዚሁ ላይ የተሠሩ ናቸው። ዋጋው እያንዳንዱ ፕሮግራም ሙሉ ብራውዘር በጉያው ይዞ መምጣቱ ነው፤ «ሰላም» ብቻ የሚል ፕሮግራም እንኳን ተጭኖ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። መስኮቱን የሚሥለው ክፍልና ፋይል የሚነካው ክፍል ደግሞ የተለያዩ ሂደቶች ናቸው፤ በመልእክት ነው የሚነጋገሩት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ከተማ ተቆረቆረ ማለት ነው። አራት ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ባለው የመድኃኒት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ትዕግሥቱን የት እንዳገኘው አይገባኝም።

የርቀት ሒሳብ

ርቀት ሲባል በምሳሌ ብቻ አይቅር። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ቀጥታ መስመር ቢሰመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደርሶ መልስ 10,000 ብንል፣ ገመዱ ፍጹም ቀጥ ያለ፣ መንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎችም ምንም የማያዘገዩ ቢሆኑ እንኳን 50 ሚሊሴኮንድ ያልፋል። ሰው የነካው ነገር «ወዲያው» ምላሽ ሰጠ ብሎ የሚሰማው እስከ 100 ሚሊሴኮንድ ባለው ጊዜ ነው ሲሉ የመስኩ አጥኚዎች ይናገራሉ። ግማሹን ብርሃን ራሱ በላው። ለአንድ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሰርቨር የሚያመላልስ ንድፍ፣ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ገና ከመነሻው ዘግይቷል። ይህ ፊዚክስ ነው፤ በተሻለ የኢንተርኔት ጥቅል አይፈታም።

በዚህ ላይ መቋረጡ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ሰርቨሩ ውጭ አገር የሆነ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ሥራ ቆመ፤ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ሠራ። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን ፒችትሪ ከተባለው የዴስክቶፕ የሒሳብ ፕሮግራም ጋር ያላቸውን የረጅም ዘመን ትዳር በኋላ ቀርነት የሚተረጉሙ ወጣት ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሒሳብ ሠራተኛው የወሩን መዝገብ የሚዘጋበትን ቀን ያውቃል፤ መስመር የሚመጣበትን ቀን ግን አያውቅም። በሚያውቀው ላይ ቢተማመን ምን ይፈረድበታል?

ዴስክቶፕንም ግን ጻድቅ አላደርገውም። ያ መድኃኒት ቤት የነበረው አሮጌ ፕሮግራም ያደርግ የነበረውን ላጫውታችሁ። የኮምፒውተሩን ሰዓት የምታስኬደው ትንሿ ባትሪ አልቃ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ሲነሣ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፕሮግራሙ የሚያምነው ይህን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌላ ምስክር የለውም። ሽያጩ ከዓመታት በፊት እንደተሸጠ ሆኖ መመዝገቡ የሒሳብ ራስ ምታት ነው፣ ይሁን። ከዚያ የከፋው የአገልግሎት ጊዜ ማስጠንቀቂያው ነበር። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሲሸጥ ፕሮግራሙ በቀይ ማስጠንቀቅ ነበረበት፤ ነገር ግን በፕሮግራሙ ዓይን መድኃኒቱ ገና አልተመረተም ነበርና ዝም አለ። እኔ ዌቡን በተከልኩበት ሳምንት ስምንት ዓይነት መድኃኒት ከመደርደሪያ ወረደ። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ሰዓት፤ የዚህን ጥቅም ያየሁት እዚያ ነው።

የመተማመን ጉዳይም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። በድሮው አሠራር የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች በቢሮው ኔትወርክ በኩል ቀጥታ ከዳታቤዙ ጋር ይገናኙ ነበር፤ የዳታቤዙ የይለፍ ቃልም በየኮምፒውተሩ ተቀምጦ ይገኛል። ያን ያወቀ ሠራተኛ መስኮቱን ትቶ በሌላ መሣሪያ ገብቶ የፈለገውን ማረም ይችላል። ዌብ ይህን በር ዘጋ፣ ሌላ ግን ከፈተ። ብራውዘር ውስጥ ያለው ሁሉ በተጠቃሚው እጅ ነው። ከዴስክቶፕ የመጣ ጸሐፊ ዋጋውን ከቅጹ ጋር ቢልከው፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው 350 ብሩን 3 ብር አድርጎ መላክ አያቅተውም። ሰርቨሩ ዋጋውን ከራሱ መዝገብ ማውጣት አለበት፤ መስኮቱ ላይ የተደረገው ፍተሻ ለተጠቃሚው ምቾት እንጂ ለመዝገቡ ጥበቃ አይሆንም።

ስለ ማሻሻያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዌቡ አንድ ሌሊት ይታረማል፣ ጠዋት ሁሉም አዲሱን ያገኛል። የዴስክቶፑ ማሻሻያ በፍላሽ ዲስክ ተጭኖ፣ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ሁለት ቅርንጫፍ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ሦስት ዓይነት ቅጂ በአንድ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ።

ቁጥሩ መስኮቱ ላይ ሲወለድ

ወደ አሞክሳሲሊኑ ልመለስ። የመጀመሪያው እርማት የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ሻጩ አዲስ ሽያጭ ሲከፍት ብራውዘሩ ራሱ የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ «መዝግብ» አንድ ጊዜም ይጫን አሥር ጊዜ የሚሄደው ያው ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ቁጥሩን ከዚህ በፊት አይቶት ከሆነ «ይዤዋለሁ» ብሎ የቀድሞውን መልስ ይሰጣል እንጂ ደግሞ አይቀንስም። ደረሰኝ የሚቆረጠው ካሳ ላይ ነው እንደ ማለት ነው፤ ሒሳብ ክፍል ያንኑ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ቢያይ ሁለት ሽያጭ ነው አይልም። ትልቁ ለውጥ በቴክኒኩ ላይ አልነበረም፤ መለያውን የመስጠት ሥልጣን ከሰርቨሩ ወደ መስኮቱ መሄዱ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሳምንት ወሰደ። የዛሬ ብራውዘሮች ገጹን ያለ መስመር የሚያስነሣ አገልጋይ በውስጣቸው ማስቀመጥና መረጃን በኮምፒውተሩ ላይ ማከማቸት ይችላሉ። ስለዚህ ሽያጩ መጀመሪያ እዚያው ይጻፋል፣ ወረፋ ይይዛል፣ መስመር ሲመጣ ይላካል። በዴስክቶፕ ፕሮግራም ቢሆንም ይኸው ነው፤ ስኩላይት በተባለችው ትንሽ ዳታቤዝ ተጽፎ ወረፋው በጎን ይላካል። እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ «ዌብ ነው ወይስ ዴስክቶፕ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይደበዝዛል።

የተላከው ምን እንደሚል ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት «ቀሪው 17 ነው» ብሎ የሚልክ ነበር። ሁለት ካሳዎች መስመር ጠፍቶባቸው ሳለ ከ18 ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ቢሸጡ ሁለቱም «17» ይላሉ፤ የአንዱ ሽያጭ ደብዛው ይጠፋል። ቀይሬ «አንድ ቀንስ» የሚል አደረግሁት። አሁን በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደርሱ 16 ይሆናል። በዕድር መዝገብ ላይ የገባና የወጣ እንጂ ቀሪ ብቻ አይጻፍም፤ ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገኝም ነበር፣ ግን ረሳሁት።

በዚህ የማይፈታ አንድ ነገር ቀረ። እትዬ በዚያው ከተማ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፈቱ። አንድ ክሊኒክ ከሁለቱም እስከ 10,000 ብር በዱቤ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። አንድ ከሰዓት በኋላ መስመር ጠፋ፤ ክሊኒኩ ከአንዱ 9,000፣ ከሌላው 7,000 ብር ወሰደ። ማታ መስመሩ ሲመለስ ዕዳው 16,000 ሆኖ ታየ። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ነገር የለም፣ የጠፋም የለም፣ የዋሸም የለም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በሚያውቀው ልክ ሕጉን አክብሯል፤ ሕጉ ግን ተጥሷል። ለዚህ ፈጣን ኮምፒውተርም አዲስ ማዕቀፍም አይደርስለትም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሌላው የሚያደርገውን በማያውቅበት ሰዓት የሚሰጥ ውሳኔ ነውና። ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«መስመር ሲጠፋ ዱቤ ይከልከል ወይስ ይሰጥ፣ እትዬ?»

«በሽተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ መስመር የለም ብዬ ልመልስ?»

«እንግዲያው ከልኩ ሊያልፍ ይችላል።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ለሁለት ልጆቼ አንድ ዳቦ ሰጥቼ ገበያ ስወጣ ምን እላለሁ? እኔ እስክመለስ ግማሽ ግማሹ የየራሳችሁ ነው፣ ከዚያ አትለፉ። እንደዚያ በልልኝ።»

እንደዚያው አልኩት። መስመር ሲኖር ሁለቱም ቅርንጫፎች ሙሉውን ቀሪ ያያሉ። ሲጠፋ እያንዳንዱ መጨረሻ ካወቀው ቀሪ ግማሹን ብቻ ያያል፤ ቁጥሩም በቢጫ ይጻፋል። ሻጮቹ ቢጫ ሲያዩ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ «ግማሹ ነው» ይላሉ።